ስለ ቢሊ ግራሃም ከአድማጭ ብዛት ባሻገር

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ አሜሪካዊው ወንጌላዊ ቢሊ ግራሃም ሲጻፍ ዘወትር የሚቀድመው የአድማጩ ብዛት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 በሎስ አንጀለስ ለሦስት ሳምንት የታቀደው ስብከት ስምንት ሳምንት መዝለቁ፣ በ1973ም በሴኡል በአንድ ስብሰባ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መገኘቱ ይተረካል።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በ1948 በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር የገቡት ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። የአገልግሎቱ ገንዘብ ከሐሜት በጸዳ መንገድ እንዲያዝ፣ ከትዳር ጓደኛቸው በስተቀር ከሌላ ሴት ጋር ለብቻቸው እንዳይገኙ፣ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳይነቅፉ፣ የተሰብሳቢውንም ቁጥር እንዳያጋንኑ ተስማምተው፣ ግራሃም እስከ 2018 ዕረፍታቸው ድረስ በገንዘብም ሆነ በትዳር ቅሌት ስማቸው ሳይነሳ ኖረዋል። ይህ በሺህ የሚቆጠር ስብከት ያህል የሚናገር ምስክርነት ነው።

በ1953 በአሜሪካዋ ቻታኑጋ ከተማ በስብከታቸው ስፍራ ነጮችንና ጥቁሮችን ለመለየት የተዘረጋውን ገመድ በገዛ እጃቸው ማንሳታቸውም ሊዘነጋ አይገባም፤ በእርግጥ ከዚያ በኋላም በዘር መለያየት ጉዳይ አቋማቸው ሁልጊዜ ያን ያህል የጸና አልነበረም። ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋር የነበራቸው ቅርበት ደግሞ ጎድቷቸዋል፤ ከፖለቲካ መራቅ ይገባቸው እንደነበር በስተርጅና ራሳቸው ተናግረዋል። ዝግጅት ክፍሉ የሰባክያንን ሕይወት ሲዘግብ ይህን ገጽታም እንዲያካትት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ