ቫምፓየሩ የት ይከራይ?

ውድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የጥበብ ገጻችሁ ላይ የቫምፓየር፣ ማለትም ከመቃብር እየተነሳ የሰው ደም የሚመጥ ሙት፣ ታሪክ በአማርኛ አይጻፍም፣ ቢጻፍም አይጥምም የሚል አስተያየት አነበብኩ። ምክንያቱ ጭጋግ የለንም፣ ተኩላ የሚያላዝንበት ጫካ የለንም፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ቤተ መንግሥት የለንም ነው። ቤተ መንግሥት የለንም መባሉን አንድ ጎንደሬ ጓደኛዬ ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ጭጋግ ያማረውም ሐምሌ ላይ እንጦጦ ይውጣ። የእኔ ጥል ግን ከዚያ ጋር አይደለም። ጸሐፊው ቦታን የሚያየው ድሮ ፎቶ ቤት ከጀርባችን ይሰቀል እንደነበረው የፏፏቴ ሥዕል ነው። ፊት ለፊቱ ቆመህ ትነሳለህ፣ አለቀ።

የእህቴ ልጅም ያው ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነች፤ ክረምቱን ቁጭ ብላ አንድ የቫምፓየር ታሪክ ጻፈችና «ጋሼ፣ እስቲ እየውና ንገረኝ» ብላ ሰጠችኝ። የሚጀምረው ዛሬ ሩማኒያ ውስጥ ባለችው ትራንሲልቫኒያ ነው። ሠረገላ ይመጣል፣ ተኩላ ይጮኻል፣ በረዶው «እንደ ተነደፈ ጥጥ» ይወርዳል። ልጅቷ ከፍሪጅና ቆርቆሮ ከሚደበድበው የክረምት በረዶ ሌላ በረዶ አይታ አታውቅም።

«ለምን እዚያ ድረስ ወሰድሽው?» አልኳት።

«እንዴ ጋሼ፣ ቫምፓየር'ኮ የዚያ ነው» አለችኝ።

ነው እንዴ? ድራኩላ የሚባለውን ዝነኛ የቫምፓየር ልቦለድ የጻፈው አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር ትራንሲልቫኒያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1897 ወጣ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው)፤ በመጀመሪያዎቹ ማስታወሻዎቹ ላይ ግን ቫምፓየሩ የሚኖረው ኦስትሪያ ውስጥ ስቲሪያ በሚባል አገር ነበር። ስቲሪያን ደግሞ ድራኩላ ከመውጣቱ 25 ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ አየርላንዳዊ ለቫምፓየር ታሪኩ ተጠቅሞባታል። በኋላ ኤሚሊ ጄራርድ የምትባል፣ ትራንሲልቫኒያ የኖረች ሴት ስለ አገሩ እምነት የጻፈችውን አነበበና ቀየረው። በቃ፣ ከወረቀት የተገኘ አገር ነው። የእህቴ ልጅ እንግዲህ ከወረቀት የተገኘውን እንደገና ከወረቀት ልትገለብጥ ነበር።

ስቶከር በዓይኑ ያያት ከተማ ሌላ ናት። ዊትቢ ትባላለች፤ ሰሜን እንግሊዝ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በ1890 በጋ ለእረፍት ሄደና ሳምንታት ከረመባት። ድራኩላ የሚለውን ስም ራሱ ያገኘው እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣ 199 ደረጃ አለ፤ እሱን ይወጣና ከመቃብር ድንጋዮቹ ላይ ስም ይገለብጣል። የሽማግሌዎቹን አነጋገር ይጽፋል። የባሕር ጠረፍ ጠባቂውን እየጠየቀ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ዲሚትሪ የምትባል የሩሲያ መርከብ አሸዋ እንደ ጫነች ማዕበል መትቷት እዚያው ዳርቻ ላይ እንደ ወጣች ይሰማል። መጽሐፉ ውስጥ ያቺ መርከብ ዲሜትር ሆና ትመጣለች፤ ካፒቴኑ መሪው ላይ እንደታሰረ ሞቷል፣ ሆዷ ውስጥ 50 ሣጥን አፈር አለ። ቫምፓየሩ ከአገሩ አፈር ውጪ ማረፍ አይችልማ! እኔ ቤተ መንግሥቱን ሳነብ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ያስፈራኝ ግን መርከቡ ነው። የሆነ ሰው የምር የቆመበት ዳርቻ መሆኑ ያስታውቃል።

ደግሞ የቫምፓየርን ወሬ በአውሮፓ ከነዙት አንዱ ማን መሰላችሁ? ጋዜጣ! በ1725 ሰርቢያ ውስጥ ኪሲልዬቮ የምትባል መንደር ነበረች። ኦስትሪያ ከቱርክ ከወሰደቻት ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ፔታር ብላጎዬቪች የሚባል ገበሬ ይሞትና ይቀበራል፤ ከዚያ በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰው ይሞታል። መንደርተኛው መቃብሩ ካልተከፈተ ቤታችንን ጥለን እንሄዳለን ብሎ የኦስትሪያውን ሹም ያስጨንቀዋል። ሹሙ ቄስ አስከትሎ ይሄዳል፤ ይቆፈራል፤ ሬሳው አልፈረሰም፣ አፉ ላይ ደም አለ፣ ጥፍርና ፂሙ ያደገ ይመስላል። እንጨት ሰክተውበት አቃጠሉት። ሬሳ ሲፈርስ ደም የሚመስል ፈሳሽ ወደ አፍ እንደሚወጣ፣ ቆዳው ሲሸሽ ደግሞ ጥፍሩ ያደገ እንደሚያስመስል ዛሬ ሐኪሞች ያስረዱናል። ሹሙ የጻፈውን ሪፖርት የቪየና ጋዜጣ አወጣው። እኔን የገረመኝ የሪፖርቱ መጨረሻ ነው፦ ስህተት ተሠርቶ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን በፍርሃት ራሱን የሳተው ሕዝብ ነው ይላል። ይህን ዓይነት ደብዳቤ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

እስቲ ጭጋጉን ፈልጉልኝ። የለም። ያለው አዲስ ጌታ የመጣበት የድንበር መንደር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት፣ በአለቆቹና በመንደሩ መሃል የተቀረቀረ አንድ ሹም ነው። ከዚያ መንደር ነቅለህ ሌላ ቦታ ብታቆመው ታሪኩ ይፈርሳል።

አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። በ1892 ሮድ አይላንድ ውስጥ ኤክሰተር በምትባል የገጠር ከተማ ሜርሲ ብራውን የምትባል የ19 ዓመት ልጅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። እናቷና እህቷ ቀድመው ሞተዋል፤ ወንድሟ ታሟል። የሦስቱም ሬሳ ሲታይ ያልፈረሰው የእሷ ብቻ ሆነ። ጥር ላይ ሞታ፣ ብርዱን ከመሬት በላይ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ከርማ፣ መጋቢት ላይ ነዋ የታየችው! ልቧን አቃጥለው አመዱን ለወንድሟ በጥብጠው አጠጡት። አልዳነም። የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ ካገኘው ያኔ 10 ዓመቱ ነበር።

አሁን «ታዲያ የእኛ ቫምፓየር ቡዳ ነዋ» የሚል አይጠፋም። የእህቴ ልጅም ብላዋለች። እኔ አልተስማማሁም። ኪሲልዬቮ ውስጥ የተከሰሰው የሞተ ሰው ነው። ቡዳ እየተባለ የኖረው ግን በሕይወት ያለ ጎረቤት ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ቀጥቃጩ ነው፣ ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤሉ ነው። ማሰሮዋን ገዝተውባት፣ ማረሻውን አሠርተውት ሲያበቁ ማታ ጅብ ይሆናሉ ብለው ያወሩባቸዋል። በዚያ ስም ላይ ረጅም ጥርስ ገጥሞ ማስፈራሪያ ማድረግ ቀላል ነው፤ ግን ጥርሱ የሚያርፈው የሰው ልጆች ላይ ነው። ስለ ስሙ የሚጻፍ ታሪክ ካለ ይጻፍ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

«እሺ የት ላድርገው?» አለች አኩርፋ።

«የምትኖሪበት ኮንዶሚኒየም ምን ሆነ?»

ሳቀች። ከዚያ ግን እስከ እራት ድረስ ሁለታችንም መነሳት አቃተን። አስቡት፣ ሰውየው ቤት ሊከራይ ነው። ደላላው አራተኛ ፎቅ ያገኝለታል፣ ሊፍት የለም። መታወቂያ ይጠየቃል። በመስታወት የማይታይ ሰው ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና ሲባል ምን ሊሆን ነው? አፈሩንስ? 50 ሣጥን ቀርቶ አንድ ማዳበሪያ አፈር ተሸክሞ አራት ፎቅ ሲወጣ ጥበቃው «ወንድም፣ ምን ልትተክል ነው?» ማለቱ አይቀርም። ቫምፓየር ነጭ ሽንኩርት ይሸሻል ይባላል፤ ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የሚሠራ ቤት ካለ እስቲ አሳዩኝ፤ ደረጃው ሁሉ ሌላ ነገር አይሸትም። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የብሎኩ እድር ተመዝገብ ይለዋል። ለማይሞት ሰው የእድር መዋጮ!

የሌሊቱም ነገር አለ። አላስካ ሰሜን ጫፍ ኡትቂያግቪክ በምትባል ከተማ ከኅዳር እስከ ጥር ሁለት ወር ገደማ ፀሐይ አትወጣም፤ እዚያ ቫምፓየር ማሰማራት ልፋት የለውም። አዲስ አበባ ግን በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ይወጣል፣ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ይገባል፣ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ። መሃል ላይ ደግሞ ውሻው አለ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለ። (ፀሐይ ትገድለዋለች የሚለው ሕግ፣ በነገራችን ላይ፣ በ1922 ከወጣ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም የመጣ ነው። የስቶከር ድራኩላ ለንደን ውስጥ በቀን ይዞራል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከፈለገች ትተወው።)

የበሩን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየሁት ወድጄ ነው። ቫምፓየር ከቤቱ ሰው አንዱ ግባ ካላለው መጀመሪያ ላይ ደጃፉን አያልፍም። እንግሊዝ አገር ይሄ ከባድ ሕግ ነው። እኛስ? እናቴ ባደገችበት ሰፈር ሰው መጥቶ «ቤቶች!» ሲል ከጓዳ «ግቡ!» ይባላል፤ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፣ ድምፁ ካልታወቀም ይባላል። ድራኩላ ዓመት ሙሉ የሚለፋበትን ፈቃድ እኛ ሽንኩርት እየከተፍን እንሰጠዋለን። ኮንዶሚኒየሙ ላይ ግን በሩ ቀዳዳ አለው፣ ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል። በ«ግቡ» እና በ«ማን ልበል» መሃል ስንት ዓመት አለ? የእህቴ ልጅ ታሪኩ ውስጥ አያቷን ከገጠር አምጥታ እዚያ ቤት አስቀመጠቻቸው። ሳሎን ሆነው በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ግቡ!» ይላሉ። ልጅቷ እየሮጠች ስትሄድ በሩ ገና አልተከፈተም፣ ቃሉ ግን ወጥቷል። ይህን ስታነብልኝ፣ እመኑኝ፣ ፀጉሬ ቆመ።

አሁን ሁለተኛውን ረቂቅ ይዛለች። ትናንት የላከችልኝ ክፍል ላይ ጎረቤት እትዬ ቡና አፍልተው ትንሽ ልጅ ወደ አዲሱ ተከራይ ይልካሉ፣ «ኑ ቡና ጠጡ ተብለዋል»። ሰውየው ይመጣል፤ ዳር ላይ ይቀመጣል፣ ቄጠማውን ላለመርገጥ እግሩን ሰብስቦ። አቦሉ ሲቀዳለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ እትዬ፣ ቡና እንቅልፍ ይነሳኛል» ይላል። እትዬ ሲኒውን መልሰው ረከቦቱ ላይ ያስቀምጡና «ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ የሚንጎራደደው ማነው ልጄ?» ይሉታል።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ