ሞት ዋጋ ያጣበት ድራማ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2020 በ15 ምዕራፎችና በ327 ክፍሎች ስለቀረበውና አጋንንትንና መናፍስትን የሚያሳድዱ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ስለሚተርከው «ሱፐርናቹራል» የተሰኘ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ብርታቱ፣ በእኔ እይታ፣ ከአጋንንቱ ይልቅ በሁለቱ ወንድማማቾች በሳምና በዲን ዊንቸስተር ፍቅርና ንትርክ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል እናታቸው ኮርኒስ ላይ ተጣብቃ በእሳት ስትነድ ያየ ተመልካች፣ በጥቁሯ የ1967 ሞዴል ሼቭሮሌት ኢምፓላ የሚያደርጉትን ጉዞ ሁሉ ሐዘናቸውን እየተካፈለ ይከታተላል። የጅንና የዛር ወሬ እየሰማን ላደግን ወሎዬዎች፣ ወንድማማቾቹ እንደሚያደርጉት በር ላይ ጨው አፍስሶ መንፈስን ማገድ ብዙም እንግዳ አይሆንብንም (የእኛ ዛር ግን በቡናና በዕጣን ይለመናል እንጂ ጨው በጎረሰ ጠመንጃ አይባረርም)።

ድክመቱ ጎልቶ የወጣው፣ የድራማው ፈጣሪ ኤሪክ ክሪፕኪ ከአምስተኛው ምዕራፍ በኋላ የመሪነቱን ሥራ ለሌሎች ከለቀቀ ወዲህ ነው። የሞተ ሁሉ እየተነሳ፣ ያቺው እናት እንኳ በ11ኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ወደ ሕይወት ስለተመለሰች፣ ሞት ማስደንገጡን ተወ። ሴት ገጸ ባሕርያቱም አብዛኞቹ የወንድማማቾቹን ቁጭት ለመቀስቀስ ብቻ የሚሞቱ መሆናቸው፣ ያን ያህል ዘመን ለቆየ ድራማ ይቅር የሚባል ስንፍና አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ