ለሐዋሳው ወንድሜ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። አሁንም አጠገቤ ቁጭ ብላ «ልጆቹን ሳምልኝ በልልኝ» እያለች ነው። ከተጠፋፋን ቆየን እኮ! በቴሌግራም ሁለት መስመር ከምልክልህ ረጋ ብዬ ሁሉንም ልጻፍልህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የምሥራቹ። የኤሌክትሪክ መኪና መጠገን ጀምሬያለሁ! በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ ጋራዥ ያለነው ሁሉ «እንጀራችን ተዘጋ» ብለን ነበር። አልተዘጋም። አሁን ስታዲየም ጋ ብትቆም ቪትዙና ኮሮላው እንዳለ ነው፤ መሃል መሃሉን ግን የኤሌክትሪኩ ቢዋይዲ፣ አይዲ ፎሩ፣ አይዲ ሲክሱ ድምፁን አጥፍቶ ሽው ይላል።

እንዴት እንደወደድኳቸው! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ያጣል። እንጦጦ ዳገት ላይማ ሲያቃስት ታውቀዋለህ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ አምስት ሰው ጭኖ ምንም ሳይመስለው ይወጣል። ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። የፍሬን ሸራ ቶሎ ማለቁ ቀረ። የሞተር ዘይት መቀየር የለም። መብራቱም ቢሆን ከገዛ ውሃችን ነው የሚመጣው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል፣ ጋራዡ ውስጥ ያለን ሁሉ ሥራ አቁመን ነው ያየነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ ቻይንኛ፣ መመርመሪያው ሶፍትዌር ቻይንኛ። አንድ ትንሽ ሴንሰር ስትበላሽ መኪናው ወራት ይቆማል። ባትሪው ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ከ300 ቮልት በላይ ነው። የባትሪውን መስመር የሚቆርጠውን ሰርቪስ ፕላግ ትነቅላለህ፣ ከባትሪው ውጭ በመስመሩ ላይ የቀረው ቻርጅ እስኪወርድ ትጠብቃለህ፣ በሜትር ዜሮ መሆኑን ታያለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትነካው። ይህንን ያስተማረኝ ጋራዥ የለም፤ ሌሊት ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት። ባዶ እጁን እዚያ ውስጥ የሚሰድ ልጅ ሳይ ቀልቤ ይገፈፋል።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ራስ ምታቱ አልለቃት ሲል ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላት። መሃል ከተማ ያለ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ስሙን ተወው። ሐኪሟ ጎበዝ ናት፣ ጊዜ ሰጥታ አየቻት። «ሲቲ ስካን ትነሳ» አለች። ወረቀቱን ይዘን ወረድን። ማሽኑ ቆሟል። «ከውጭ አሠሩ» ተባልን። የግል ማዕከሉ የጤና መድን ካርዷን አይቀበልም። ዋጋውን ስሰማ እማዬ እንዳትሰማ ወደ ውጭ ወጣሁ። በኋላ አሠራን። ውጤቱ ደግ ነው፣ አትጨነቅ። የታዘዘላትንም መድኃኒት ከነማ ፋርማሲ አገኘሁላት።

ግን ከዚያ ማሽን በር ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከሩቅ ነው የመጡት። ከውጭ ማሠሪያ የላቸውም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም።

ቴክኒሻኑን ጠየቅሁት። የሲቲ ስካኑ ራጅ የሚያመነጨው ቱቦ ተቃጥሏል አለኝ። ቱቦው እንደ ጎማ ነው፤ ሠርቶ ሠርቶ ያልቃል፣ ማለቁም አስቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ ማለቁ ከታወቀ ለምን መተኪያው ቀድሞ አይታዘዝም? ዋጋው ውድ ነው፣ የሚመጣውም በዶላር ነው፣ ይገባኛል። የባሰው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱን ማሽን ልክፈተው ብትል አምራቹ በይለፍ ቃል ቆልፎታል፤ ያለ እሱ ሰው አትነካውም። ቴክኒሻኑ መሥራት እየቻለ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

ያን ጊዜ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ተግባረ ዕድ እያለን እኔ አውቶ፣ አንተ ባዮሜዲካል፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ስንማር፣ ሰው ሁሉ «ባዮሜዲካል ደግሞ ምንድነው?» ይልህ ነበር። አሁንም የሚጠይቅ አለ። ሐኪሙን ሁሉም ያመሰግናል፣ ይገባዋልም። የማሽኑን ነፍስ የሚይዘውን ልጅ ግን ማንም አያውቀው። እኔ የምለው፣ ማሽኑ ሲገዛ ውሉ ላይ መለዋወጫው፣ ማንዋሉ፣ ሥልጠናው፣ የይለፍ ቃሉ ሁሉ አብሮ ይጻፍ። ካልተጻፈ አይገዛ። መኪናውም እንደዚያው።

ሰፈሩን ብታየው አታውቀውም። ጥብስ የምንበላበት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የለም፣ በ2016 ፈርሷል። የእግረኛ መንገዱ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይላል። ማታ ማታ እማዬ ከአራት ኪሎ እስከ ዓድዋ መታሰቢያ ሳትደናቀፍ ትሄዳለች። ድሮ ጉድጓዱን ፈርታ ከቤት አትወጣም ነበር። የፒያሳ ጎረቤቶቻችን ዳር ዳር ወጥተዋል። ለሐኪም ቀጠሮ ሲመጡ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሱት፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አንተ ጋስ? ስንት ማሽን ቆሞብሃል? መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ? ሁሉንም ጻፍልኝ፣ ሳታሳጥር። ለጥምቀት ልጆቹን ይዘህ ና፣ ጃን ሜዳ አብረን እንወርዳለን። ማደሪያ አትፈልግ፤ እማዬ ትቀየማለች።

አንድ ነገር አደራ። 1,000 ቮልት የሚችለውን የጎማ ጓንት የሚያመጣ ሰው የምታውቅ ከሆነ ሁለት ጥንድ ያዝልኝ። ቁጥሩ 10 ይሁን። ጋራዥ ላሉት ልጆች ነው፤ ብሩን በቴሌብር እልክልሃለሁ።

ያንተው