የዓለት ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም

ራውማ፣ ፊንላንድ

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከምኖርበት ከተማ አጠገብ የኒውክሌር መርዝ ሊቀበር ነው መባሉን ሰምተው መጨነቅዎን፣ «የደብረ ሲናም ዓለት እኮ ዶማ ይሰብራል፤ የእነሱ በምን ይበልጣል?» ብለው መጠየቅዎንም ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ዕድሜዎን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የኖሩ ሰው ነዎትና ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ቦታው ኦልኪሉኦቶ የተባለ ደሴት ነው። የሚቀበረው በኤሌክትሪክ ማመንጫ አገልግሎ የወጣ የዩራኒየም ነዳጅ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ፕሉቶኒየም 239 መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 24 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ያህል ዘመን የሚቆም ዘበኛም ሆነ መንግሥት ስለማይገኝ ጥበቃው ለዓለቱ ተሰጠ። ዋሻው ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዓለቱ ደግሞ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የመቅበር ሙከራ ነዳጅ ባልተጫነባቸው መያዣዎች የተደረገ ነው፤ ይህን የምጽፈው እንዲረጋጉ ነው።

የሥነ ምድር ባለሙያዎቹን ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው ውሃ ነው፤ መርዙን ከጥልቁ አውጥቶ ወደ ሰው ሊያደርስ የሚችለው በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሚሄድ ውሃ ነውና። እርስዎ ተከትለው ውሃ የሚያወጡበት ስንጥቅ ለእነሱ የሚሸሹት ነገር ነው፤ ዋሻው ሲቆፈር ውሃ በብዛት የሚያሳልፍ ስንጥቅ የተገኘበት ስፍራ ለመቅበሪያነት ይቀራል። በዚያ ጥልቀት ያለው ውሃ ጨዋማ ቢሆንም ኦክስጅን የሌለበት በመሆኑ መዳብን ቶሎ አይበላውም፤ ስለዚህ ነዳጁ ብረት ውስጥ ገብቶ፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው መዳብ ይለብሳል። መዳቡን ደግሞ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ይከበዋል። ይህን ሸክላ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ደረቁ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ውሃ ጠብ ሲልበት ግን ያብጥና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። የሞረትና ጅሩ መረሬም የዚሁ ማዕድን ዘመድ አለበት፤ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ አውጥቶ ክረምት ሲገባ ግጥም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የበረዶ ዘመንንም በስሌታቸው አስገብተዋል። ይህ አገር ባለፈው የበረዶ ዘመን በኪሎ ሜትር በሚለካ በረዶ ተጭኖ ስለነበር፣ መሬቱ ሸክሙ ከወረደለት ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ዛሬም በዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይነሣል። በረዶው አንድ ቀን ቢመለስ ዓለቱን እንደገና ይጫነዋል፤ ስንጥቅም ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

ወደ እኛ ዓለት ልመለስ። የሸዋ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ላቫ በላቫ እየተደራረበ የተሠራ በመሆኑ ድንጋዩ ጠንካራ ቢሆንም በንጣፎቹ መካከል ውሃ ያልፋል፤ ምንጮቻችን የሚፈልቁትም ከዚያው ነው። ከጣርማበር ቁልቁል ያለው ገደል ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ መሬቱ ዛሬም እየተሳበ ይሰፋል። ማጀቴን ያፈረሰውን የ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ በ1998 ዓ.ም. ይዛባ ወይን ላይ ስለተንሸራተተው መሬትና በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል ሲነሣ ስለነበረው መንቀጥቀጥ ግን እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

እኔን በበኩሌ ከዓለቱ ይልቅ የሰው ችኮላ ያሰጋኛል። ጀርመኖች አሴ በተባለ አሮጌ የጨው ማዕድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126 ሺህ ያህል በርሜል የኒውክሌር ዝቃጭ አስገቡ። ጨው ደረቅ ነው፣ ስንጥቁንም ራሱ ይዘጋል፤ ዳሩ ግን ማዕድኑ ቀድሞ ብዙ ተቦርቡሮ ስለነበር ውሃ ገባበት፣ ዛሬ በርሜሉን መልሶ ለማውጣት በሕግ ተገደዋል። እዚህ ኦልኪሉኦቶን ለመምረጥ ግን ዓመታት የፈጀ ጥናት ተደርጓል፤ ሥጋቴ ያነሰውም ስለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ያለፈው መንቀጥቀጥ ካበቃ ወዲህ ያስቆፈሯቸው ጉድጓዶች ውሃ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ደፍርሶ ወይም ሞቆ እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይጻፉልኝ። ለእትዬና ለልጆቹ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ