የሐዲዱ ብረት አይሸጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ፣ በአቃቂ በኩል የሚያልፈው አሮጌው ሐዲድ ተነቅሎ ብረቱ ቢሸጥ እንደሚሻል መጻፋቸውን አነበብኩ። ጸሐፊውን አከብራለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን በፍጹም አልቀበልም። በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ፤ ቤቴም እስከ ዛሬ ከሐዲዱ አጠገብ ነው። ዝም ማለት አልሆነልኝም። ምክንያቴን በአንድ ጉዞ ላይ ባየሁት ላስረዳ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝ አገር የሚኖረው ልጃችን እኔንና እናቱን ለሁለት ሌሊት በመርከብ ወሰደን። ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ሊቨርፑል የሚያደርስ አጭር ጉዞ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጉዞዎች አንዳንዶቹ ፈረንሳይ ወይም ቤልጂየም ጎራ ይላሉ፤ የእኛ ቪዛ የእንግሊዝ ብቻ ስለነበረ ልጃችን ከአገሩ ወደቦች የማይወጣውን መረጠ። ተመሳሳይ ጉዞ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሳውዝሃምፕተንን ዓለም የሚያውቃት በታይታኒክ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. መርከቧ የተነሳችው ከዚያ ነውና ከተማው መታሰቢያ በመታሰቢያ ነው። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በባቡር የወጡት በእኛው በአቃቂ በኩል ነው። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ፣ ከሃይፋ በሌላ የጦር መርከብ ጂብራልታር፣ ከዚያ ኦርፎርድ በምትባል የመንገደኞች መርከብ ግንቦት 26 ቀን ሳውዝሃምፕተን ደረሱ። ከወደቡ እንደገና ባቡር ተሳፍረው ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ሲወርዱ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። በባቡር ተጀምሮ በባቡር ያለቀ ስደት ነው። የዚያ መንገድ አንዱ ጫፍ እኔ ከመርከቡ ሰገነት ላይ ቆሜ የማየው ወደብ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ጎረቤቴ ፍየሎቹን የሚያግድበት ሐዲድ መሆኑን ሳስብ እንባዬ መጣ። ባለቤቴ ነፋሱ መስሏት ነጠላዋን አለበሰችኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ገመዱ ተፈታ። ክንድ የሚያህል ገመድ ነው፤ ሁለት ሠራተኞች ከብረት ምሰሶው ላይ አንስተው ሲለቁት ውኃው ላይ ተንጣሎ ቆየና ቀስ እያለ ተጠቀለለ። ፊሽካና ባንዲራ የለም፤ ግን ባቡር ሲንቀሳቀስ ሆዴን ይለኝ የነበረው ነገር ያው ራሱ መጣ። ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ባለቤቴ ስለ ምግቡ ተጨንቃ ነበር። ልጃችን ለወጥ ቤቱ ነግሮ ምስር ሾርባና ድንች አዘጋጁልን፤ በማግስቱ ሳንጠይቅ አስተናጋጁ ራሱ ይዞልን መጣ። እግዚአብሔር ይስጠው።

በክፍላችን ቴሌቪዥን ላይ መርከቡ የደረሰበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስከፍተው የፕሊመዝ ስም ከመስመሩ በላይ ተጽፏል። ልዑል አለማየሁ ከመቅደላ በኋላ፣ እናቱን በመንገድ አጥቶ፣ በሰባት ዓመቱ ከፌሮዝ መርከብ የወረደው እዚያ ነው፤ በ1868 እ.ኤ.አ.። መብራቱን ሳላበራ ብዙ ተቀመጥኩ።

ስለ ሊቨርፑል ግን ላስረዝም፤ ክርክሬ ያለው እዚያ ነው። አልበርት ዶክ የሚባለው የመጋዘን ግቢ በ1846 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እሳት እንዳይበላው ተብሎ ያለ እንጨት ምሰሶ፣ በጡብ፣ በድንጋይና በብረት ብቻ ተሠራ። መርከቦች እየገዘፉ ሲሄዱ ጠበባቸውና ሥራው ቀዘቀዘ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ተዘጋ፤ ገንዳው በደለል ተሞላ። ያኔም ይፍረስ ያሉ ነበሩ። አላፈረሱትም። ደለሉን ጠርገው በ1988 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከፈቱት። እኛ ስንሄድ ሙዚየም፣ የሥዕል ማሳያ፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ሞልቶበት ነበር። ቀይ ቀለም የተቀቡትን የብረት ምሰሶዎች በመዳፌ ደባበስኳቸው፤ የሐዲድ ብረት ቅዝቃዜ አላቸው። የከተማው መርከቦች ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያንን በባርነት ማጋዛቸውንም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ሳይደብቁ ጽፈውት አየሁ። የሚያኮራውን ከሚያሳፍረው ጋር ይዘው ማቆየታቸውን ወደድኩላቸው።

እነርሱም ቢሆኑ ሁሉን አልጠበቁም። በወደቡ ዳር በተገነባውና ሊገነባ በታቀደው አዲስ ሕንፃ ምክንያት ዩኔስኮ በ2004 እ.ኤ.አ. የሰጣቸውን የዓለም ቅርስነት በ2021 እ.ኤ.አ. ነጥቋቸዋል። አንድ ጊዜ የጠፋ ነገር እንደማይመለስ ለማወቅ ይህም ይበቃል።

ከእኛ ሐዲድ የምለምነው ብዙ አይደለም። ከአቃቂ ጣቢያ ጥቂት መቶ ሜትር ሐዲድ ከነአንድ ፉርጎው ይቆይ። የሰፈሩ ወጣቶች ሻይና ቡና ይሽጡበት፤ ተማሪዎች መጥተው ይዩት። በመስመሩ ላይ የሠራን ሰዎች ጥቂት ቀርተናል፤ የምናውቀውን ቆመን እንናገራለን፤ ደመወዝ አንጠይቅም።

እኔ ዘንድ አንድ የጣቢያ ፋኖስ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ባንዲራ፣ እንዲሁም የመጨረሻዎቹ ትኬቶች ጉርዶች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ፋኖሱን በየፋሲካው እወለውለዋለሁ። የሚረከበኝ ሰው ከተገኘ ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ከአቃቂ