ከአስፋልቱ በፊት ሽንት ቤታችን ይቅደም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጋዜጣውን ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ ነው ይዞልኝ የሚመጣው፣ እኔ ማታ ከምጣድ ስነሳ አነበዋለሁ፣ ደብዳቤ ስልክላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነውና የተዛባ ካለ አስተካክላችሁ አውጡልኝ። የምጽፈው ከዘነበወርቅ ነው፣ ከአለርት ሆስፒታል ወደ ቆሼ በሚወስደው በኩል ወደ ውስጥ ገባ ብለው ካሉት የቀበሌ ቤቶች። አግብቼ ከመጣሁ 22 ዓመት ሆነኝ፣ ሦስት ልጅ እዚሁ ወልጃለሁ፣ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ።

ባለፈው እሁድ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ዕጩ የእድራችን ድንኳን ውስጥ ሰብስቦን ነበር። ስሙንም ፓርቲውንም አልጠራም፣ እሱን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሽማግሌዎቹን ብድግ ብሎ ነው ያናገራቸው፣ በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ስለሚሆን አንተ ብለው አይቀየመኝም። ከተመረጥኩ ቅድሚያ የምሰጣቸው ብሎ ስድስት ነገር ነገረን፣ የውስጥ ለውስጥ አስፋልት፣ የመንገድ መብራት፣ ለወጣቶች ሼድና ብድር፣ የወጣት ማዕከል፣ ጸጥታ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱን እያጠፈ ውሃና ሳኒቴሽን አለ። ተጨበጨበ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ቤቴ ገብቼ ሊጥ ሳቦካ ነው ነገሩ ያልተዋጠልኝ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እኛን በየቀኑ የምታስጨንቀን ነገር ናት እኮ፣ እሱ ግን ስሟን ብቻ ጠርቶ አለፋት።

የኛ ግቢ 9 አባወራ ነው፣ ልጅ አዋቂ ሲቆጠር 41 ሰው። ለ41 ሰው ያለን ሽንት ቤት አንድ ነው፣ አንድ ጉድጓድ አንድ በር። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ከታች ዝጎ ስለተበላ ውስጥ ያለ ሰው እግሩ ይታያል። እኔ የምጋግርበት ማድቤት ከዛ በር 6 እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሊጡን በላስቲክ ከድኜ፣ በላስቲኩ ላይ ጨርቅ ደርቤ፣ ጠዋት ጠዋት በረኪና እየረጨሁ ነው የምሰራው፣ የሰው አፍ የሚገባ ነገር ስለሆነ ሌሊት ሁሉ ያሳስበኛል።

ጉድጓዱ ሲሞላ የመምጠጫ መኪና እንጠራለን፣ መኪናው ግን የመንደሩ መግቢያ ላይ ይቆማል፣ መንገዱ ጠባብ ነው አያስገባውም፣ ቱቦ ቢቀጣጥሉም እኛ ግቢ አይደርስም። አምና ከየቤቱ አዋጥተን ቀድመን ከፍለን ነበር፣ ሰዎቹ መጥተው አዩና አይቻልም ብለው ሄዱ፣ ብሩም ቀረ። ክረምት ሲገባ ደሞ ጉድጓዱ ውስጥ የዝናብ ውሃ ይገባና ራሱ ይገነፍላል፣ አንዳንዱ ግቢ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ጠብቆ ወደ ቦዩ ይለቀዋል፣ ምን ያድርግ፣ ሌላ መላ የለውም። ከቦዩ ወደ ወንዙ፣ ወንዙ ወርዶ ወርዶ ትንሹ አቃቂ ነው፣ በዛ ውሃ ደሞ ታች አትክልት ይለማል፣ ቆስጣውና ሰላጣው ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ይሄ የዘነበወርቅ ጣጣ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ካለ የሱም ማዕድ ላይ ይደርሳል። በ2008 ክረምት አተት፣ ያ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ አዲስ አበባ ገብቶ የነበረ ጊዜ በሞንታርቦ እጃችሁን ታጠቡ እየተባልን ነበር፣ እጃችንን ታጠብን፣ ጉድጓዱ ግን ያው እንዳለ ነበር።

ሁለተኛዋ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ከ11 ሰዓት በኋላ ውሃ አትጠጣም። ለምን ስላት አልጠማኝም ትለኛለች፣ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ሌሊት ላለመውጣት ነው። በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፣ መብራት የለም፣ እኔ ካልቀሰቀሰችኝ ብቻዋን አትሄድም፣ እኔን ደሞ 10 ሰዓት ላይ ለጋገራ ስለምነሳ መቀስቀስ አትፈልግም። እዛ ድንኳን ውስጥ ተነስቼ ይቺን ብቻ ተናግሬ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ አፈርኩ። ሽንት ቤት ብሎ በሰው ፊት መናገር ያሳፍራል፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚመጣው።

ግድግዳ የሚጋሩኝ አንድ እማማ አሉ፣ ወደ 80 ይጠጋሉ። ለሥጋ ደዌ ሕክምና በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ሰፈራችን እኮ እንደዛ ነው የተሰራው፣ ሆስፒታሉ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ታክሞ ይድናል፣ አገሩ ሲመለስ ግን የሚቀበለው ስላልነበር እዚሁ ዙሪያውን ጎጆ ቀለሰ። እማማ ጣቶቻቸው ባትሪም ምርኩዝም አንድ ላይ አይዙላቸውም። ስለዚህ ሌሊት ሲወጡ ባትሪዋን በጥርሳቸው ነክሰው ነው። ባለፈው ነሐሴ ጭቃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቶ ሁለት ወር ተኝተዋል፣ እየተፈራረቅን ነው ያነሳናቸው።

ለምን ራሳችሁ አትሰሩትም የሚል ሰው ይኖራል። ቤቱ የቀበሌ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተወርሶ ለኪራይ ከተሰጠ ጀምሮ ግቢው የሁላችንም የማናችንም ነው፣ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይቻልም። አምስት ዓመት ሙሉ ብር እያጠራቀምን በሩን ልናድስ፣ አዲስ ጉድጓድ ልናስቆፍር ጠይቀናል፣ መልሱ ሁልጊዜ አካባቢው ለመልሶ ማልማት የተያዘ ነው፣ ሊፈርስ ስለሚችል አዲስ ግንባታ አይፈቀድም ነው። መቼ ነው የሚፈርሰው ስንል የሚነግረን የለም። ይፈርሳል እየተባለ ስንት ልጅ አደገበት፣ የኔ ትልቁ ልጅ ይኸው ሥራ ይዟል። እና ዕጩው ከስድስቱም በፊት ይሄን ቢመልስልን፣ ትነሳላችሁ ወይስ ትቆያላችሁ። የምንነሳ ከሆነ ቀኑ ይነገረን፣ የምንቆይ ከሆነ ፈቃዱ ይሰጠን።

አስፋልቱን ጠልቼ አይደለም ይሄን ሁሉ የማወራው። ግን ቅደም ተከተሉ ልክ አይደለም። መንገዱ መጀመሪያ አስፋልት ከለበሰ በኋላ የፍሳሽ መስመር እንዘርጋ ሲባል ተመልሶ ሊቆፈር ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን ያላየ የለም። ቆፍሩ፣ ቱቦውን ቅበሩ፣ ከዛ አስፋልቱን አልብሱ። መስመር መዘርጋት ዓመታት የሚፈጅ ከሆነ ደሞ መንገዱ ሲሰፋ የመምጠጫ መኪናው እስከ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ይስፋ፣ ወይም መግቢያው ላይ መኪናው የሚደርስበት ጥሩ ማጠራቀሚያ ተሰርቶ የየግቢው ቱቦ ወደዛ ይሳብ። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያጣራል ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ ጎበዝ ነው፣ ከኛ ጉድጓድ ግን እዛ የሚወስደው ነገር የለም። ወጣቶቹንም በዚሁ ማደራጀት ይቻላል እኮ፣ ጠባብ መንደር የሚገባ ትንሽ መምጠጫ ተገዝቶላቸው ቢሰሩ ከሼዱ ባላነሰ እንጀራ ይሆናቸዋል፣ ከፋዩ እኛው ነን፣ ሥራው አያልቅባቸውም።

መብራቱ ይግባ፣ እሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም፣ የውስጥ መንገዱንም ግቢያችንንም ያብራልን።

ብር የለም እንዳይባል ደሞ የከተማው በጀት ለ2018 ወደ 350 ቢሊዮን ብር ነው የጸደቀው። የሚያጸድቀው ይሄ ልጅ ሊገባበት የሚፈልገው ምክር ቤት ነው፣ 138 ወንበር አለው፣ አንዱ ወንበር ብቻውን ብዙ ላይሆን ይችላል ግን እጁን አውጥቶ የዘነበወርቅ ሽንት ቤት የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው ብሎ መጠየቅ ይችላል። በኮሪደር ልማቱ ዋና መንገድ ላይ የተሰሩትን የሕዝብ ሽንት ቤቶች አይቻለሁ፣ ንጹሕ ናቸው፣ ውሃ አላቸው፣ ስለዚህ ሲፈለግ ይሰራል ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ 300 ሜትር ይግቡልን ነው የምንለው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቅዳሜ ማታ ቆሼ የተደረመሰ ጊዜ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ከ110 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ የማውቃቸው አሉበት፣ አንዷ ቡና አብረን የምንጠጣ ነበረች ከነልጇ። ቆሻሻው እንደተከመረ፣ ሥሩ ሰው እንደሚኖር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። የሚያውቁት ነገር ሁሉ ግን መጨረሻ ላይ ነበር የተጻፈው፣ ከብዙ ሌላ ሥራ በኋላ። የኛ ጉድጓድ ዳር ያለው አፈር ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወደ ውስጥ እየተናደ ነው፣ እንጨት አጋድመንበታል፣ ልጆች በዛ በኩል እንዳይሮጡ ገመድ አስረናል። ይሄንንም ሄጄ ለሚመለከተው ተናግሬያለሁ፣ መዝግበው ያዙት።

ዕጩው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አዘጋጁ ብሎናል። እኔ ይሄን አዘጋጅቻለሁ፣ ጋዜጣው ላይ ከወጣ ቆርጬ እሰጠዋለሁ፣ ካልወጣም በእጄ የጻፍኩት ቅጂ አለ። ሴቶቹ ተነጋግረናል፣ ከስብሰባው በፊት ግቢያችን እንዲገባ እንለምነዋለን። ከድንኳኑ 5 ደቂቃ አይፈጅም፣ እማማም በዛ ሰዓት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

አንዲት የዘነበወርቅ ነዋሪ