አሥራ አራት ማሊያ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናታችንስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱንም ሥራውንም ለምጄዋለሁ። ዝምታችን ረዘመ መቼም። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ትተን ወሬያችንን እንቀጥል።

ሰሞኑን ያ የሰፈራችን ልጅ ደውሎ ሥራ መቀየርህን ነገረኝ። «እንደገና?» አልኩት። «እንደገና!» አለኝ። ከድሬዳዋ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ደግሞ ተመልሰህ አዲስ አበባ። ዘመድ አዝማዱ «ይሄ ሰው አንድ ቦታ አይበረክትም» እያለ እንደሚያማህ፣ አንተም ነገሩ እንደከነከነህ ሰማሁ። እኔ ግን ወሬውን ስሰማ ትዝ ያለኝ ሌላ ሰው ነው። ኤድዊን ጃክሰን ይባላል፣ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። አውቃለሁ፣ አሁን ፊትህን አጨፈገግክ። ታገሰኝ። ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ እየቀነስክ አንብበው።

ማታ ማታ ታክሲ ስነዳ ሬዲዮው ላይ ቤዝቦል አይጠፋም። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚጫወት ወደድክም ጠላህም ጆሮህ ይለምደዋል። የጨዋታው ዋና ሰው ፒቸሩ ነው፣ ኳሷን የሚወረውረው። ሥራው ባላጋራው በዱላው እንዳያገኛት አድርጎ መወርወር ነው። ክንድ ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር አንዴ ከወረወረ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል።

ጃክሰን በዋናው ሊግ ለ14 ቡድን ወርውሯል። አዎ፣ 14! ከእሱ በላይ ብዙ ማሊያ የለበሰ የለም። ሪች ሂል የሚባል ፒቸር ብቻ በ2025፣ በ45 ዓመቱ፣ ካንሳስ ሲቲ ገብቶ ሪከርዱን ተጋርቶታል።

ሰውዬው መሸከፍ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። አባቱ የአሜሪካ ወታደር ስለነበሩ የተወለደው ጀርመን ውስጥ፣ ኖይ-ኡልም ነው። በ2003 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲጀምር ዕለቱ 20ኛ ዓመት ልደቱ ነበር። ከወዲያ በኩል የሚወረውረው ማን መሰለህ? ራንዲ ጆንሰን! ስሙ ሲጠራ መቺዎች የሚርዱለት ሰው ነው። ልጁ አሸነፈው። ያን ቀን ያየ ሁሉ «ይሄ ልጅ ዶጀርስ ውስጥ ያረጃል» ብሎ ይሆናል። በ2006 መጀመሪያ ላይ ለታምፓ ቤይ ሰጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያናድድሃል። በእኛ ኳስ ተጫዋቹ ራሱ ካልተስማማ ዝውውር የለም አይደል? እዚህ ክለቡ ውልህን እንዳለ አንስቶ ለሌላ ክለብ ያስተላልፈዋል። አንተን የሚጠይቅህ የለም። ስልክ ይደወልልሃል፣ ሻንጣህን ትሸክፋለህ። በውልህ ላይ ለብቻው ካላስጻፍክ በቀር እምቢ ማለት የምትችለው በሊጉ 10 ዓመት ከቆየህ፣ ያውም የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት አንድ ቡድን ውስጥ ካሳለፍክ ነው። እስቲ አስበው! «አልሄድም» የማለት መብት የሚሰጠው ማንም ሳይነካው ለኖረ ሰው ነው። ጃክሰን አንድም ቡድን ውስጥ 5 ዓመት አልሞላም።

አሁን ወደምወደው ጨዋታ ልውሰድህ። ጁን 25 ቀን 2010 ነው። ጃክሰን በዚያን ጊዜ የአሪዞና ቡድን ሰው ሆኗል። የሚወረውረው ግን ፍሎሪዳ፣ በቀድሞ ቡድኑ በታምፓ ቤይ ሜዳ ላይ ነው። ፒቸር አራት ኳስ ከተወሰነው የመምቻ ክልል ውጭ ከወረወረ መቺው ዱላውን ጥሎ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል፤ ቤዝ ማለት መቺው ነጥብ ለማግኘት ተራ በተራ የሚረግጠው ጣቢያ ነው። ጃክሰን ያን ቀን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢኒንግ ብቻ (ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው፣ ዙሩን ነው ኢኒንግ የሚሉት) ሰባት ሰው በነፃ አሳለፈ። በሦስተኛው ላይማ ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ተራው የሚያበቃው ሦስት መቺ ከጨዋታ ሲወጣ ነው፣ ገና አንድም ሰው አልወጣም። ሌላ ፒቸር ቢሆን እዚያው ያበቃለት ነበር። እሱ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሦስቱን ተራ በተራ አስወጥቶ አንድም ነጥብ ሳይሰጥ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ቀጠለ። ፒቸር 100 ውርወራ አካባቢ ሲደርስ አሠልጣኙ ኳሷን ይቀበለዋል። እሱ 120 አለፈ፣ 140 አለፈ፣ መውጣት አልፈለገም። በ149ኛው ውርወራ ጨዋታው አለቀ፣ 1 ለ 0። ዘጠኙን ኢኒንግ ሙሉ አንድም መቺ ሂት አላገኘበትም፤ ሂት የሚባለው መቺው ያለ ተከላካይ ስሕተት በምቱ ቤዝ ሲደርስ ነው። ይሄን ኖ-ሂተር ይሉታል። ስንት ትልልቅ ፒቸር ይሄን ሳያይ ጡረታ ወጥቷል መሰለህ!

ታዲያ ምን ተደረገለት? ከወር ትንሽ አለፍ ሲል ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጡት። እስከ መጨረሻው ያመነው አሠልጣኝ ኤ. ጄ. ሂንችማ ሳምንት ሳይሞላው ነው የተባረረው። ይሄ ነው እንግዲህ ሥራው።

በዓመቱ፣ ጁላይ 27 ቀን 2011፣ የባሰ መጣ። ጠዋት የቺካጎ ነው። ለቶሮንቶ ተሰጠ። ቶሮንቶ ማሊያውን እንኳ ሳያለብሰው በዚያው ቀን ለሴንት ሉዊስ አስተላለፈው። አብሮት የተላለፈው ደግሞ ኦክታቪዮ ዶቴል ነበር፤ እሱም ከዓመት በኋላ ለ13 ቡድን በመጫወት የሪከርዱ ባለቤት የሆነው ሰው ነው። ሁለቱ ተንከራታቾች በአንድ ወረቀት ተፈራርመውባቸው ሄዱ። ጥቅምት ላይ ሴንት ሉዊስ ቴክሳስን አሸንፎ የዓለም ተከታታይ የሚሉትን ዋንጫ ሲያነሳ ሁለቱም አብረው ጨፈሩ። (ዶቴል ነፍሱን ይማረው፣ በ2025 ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ የጭፈራ ቤት ጣሪያ ተደርምሶ ሞተ። ያን ቀን ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም።)

በ2012 ወደ እኛ ከተማ መጣ፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ። ያን ዓመት በመጨረሻው ወሳኝ ጨዋታ ባላጋራችን ማን ነበር? ራሱ ሴንት ሉዊስ። 6 ለ 0 መርተን 9 ለ 7 ተሸነፍን። ጃክሰንም በመሀል ገብቶ ነጥብ ተቆጠረበት። ያን ማታ የጫንኩት ሰውዬ ቤቱ ደርሰን እንኳ አልወርድም አለ። ሜትሩ እየቆጠረ፣ እሱ ግንባሩን ይዞ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ እኩለ ሌሊት አልፎ ጨረስነው። ሒሳቡን ከነጉርሻው ከፍሎ «ደህና እደር» እንኳ ሳይለኝ ወረደ።

ታዲያ ድንቅ ፒቸር ነበር ወይ ብትለኝ፣ አልነበረም። አልዋሽህም። ቺካጎ ከብስ በ2013 በ52 ሚሊዮን ዶላር ለ4 ዓመት አስፈርሞት በዚያው ዓመት 18 ጊዜ ተሸነፈ። በጠቅላላው 107 አሸንፎ 133 ተሸንፏል። እንግዲያው 14 ቡድን ምን ፈልጎ ጠራው? ብርቱ ክንድ ነበረው፣ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ታስፈራ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይገኝ ነበር። ከ2007 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ30 በላይ ጨዋታ ጀምሯል። ባለተሰጥኦው በክንድ ሕመም ተኝቶ ሳለ እሱ «አለሁ» ይላል። አለቃ ሆኖ የሠራ ሰው ይሄ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል።

በ2018 ሰው ሁሉ አበቃለት ሲል ኦክላንድ ፒቸሮቹ ተጎድተውበት ጠራው። በ34 ዓመቱ 17 ጨዋታ ጀምሮ 6 አሸነፈ፣ 3 ብቻ ተሸነፈ። ቡድኑ ለጥሎ ማለፍ በቃ። በዓመቱ ደግሞ 14ኛው ቡድን መጣ። ቶሮንቶ! ከ8 ዓመት በፊት ማሊያ ሳያለብሰው የሸኘው ያው ቶሮንቶ። እውነቱን ለመናገር ያ ዓመት አላማረበትም፣ ክፉኛ ተመታ። ቢሆንም በ37 ዓመቱ ለአገሩ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ሄዶ የብር ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ።

አንተና እሱ የምትለያዩት በአንድ ነገር ነው። እሱን ሲሰጡት ነው የሚሄደው፣ አንተ ግን ራስህ ነህ ደብዳቤ አስገብተህ የምትወጣው። ለዚህማ ዘመዶችህ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ሐዋሳ የጠራህ ድሬዳዋ የሠራኸውን ሰምቶ አይደል? ያ የተዝረከረከ መዝገብ አንተ ሒሳቡን ካልዘጋህ ማን ይዘጋው ነበር? የሚያማህ ሰው እስቲ አንድ ቦታ 20 ዓመት ተቀምጦ ማን እንደጠራው ይንገረን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የአዲሱ መሥሪያ ቤት ደሞዝ ስንት ነው? ሰርቪስ አለው ወይስ አሁንም ታክሲ ሰልፍ ላይ ነህ? አለቃህስ ሰው ነው? ባለቤትህ ምን አለች? ሁሉንም ዘርዝረህ ጻፍልኝ። በስልክ «ደህና ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ለልጆቹ ጫማ ልልክ አስቤያለሁና የእግራቸውን ቁጥር እንዳትረሳ፣ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

ያንተው፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ